«ታማ ቀረች» ብዬ የጻፍኩባት አርበኛ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከቢሮ ይዤ የመጣሁት አንድ የደረቀ የአሻራ ቀለም ሳጥን ነው። ባልደረቦቼ ጋቢ ሸልመውኛል፤ እሱን ባለቤቴ ተቀብላ አጣጥፋ አስቀመጠችው። የቀለሙን ሳጥን ግን ማንም አልሸለመኝም፤ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ኪሴ ከትቼው ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንግሥት እርሳስ እንኳ ወደ ቤት ያልወሰድኩ ሰው በመጨረሻው ቀን ሌባ ሆንኩ። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ለጫማ እንኳ እንደማይሆን ነገረችኝ። ለምን እንዳመጣሁት ስትጠይቀኝ መልሱ ረዥም ስለሆነብኝ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልመለስኩላትን ለመመለስ ነው።

ሥራዬ የአርበኞችን መዝገብ መያዝ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ማን ጫካ ገባ፣ ማን ከተማ ውስጥ ሆኖ ጥይትና ወሬ አቀበለ፣ ስንት ዓመትስ አገለገለ፤ ይህን አጣርቼ እጽፋለሁ፣ ለባለቤቱም የምስክር ወረቀት አዘጋጃለሁ። ወረቀቱ ሲጸድቅ ሜዳሊያ ይከተላል። በሜዳሊያው ጥብጣብ ላይ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት አንድ የዘንባባ ቅጠል ይደረጋል፤ አምስቱንም ዓመት የታገለ ሰው አምስት ዘንባባ ያገኛል። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ሳላነሳ ግን ስለ ሥራው ማውራት አልችልም።

አለቃ ደምሴ ኮልፌ ውስጥ፣ አሁን አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚሉት ቦታ አለፍ ብሎ፣ ከመንገድ ዳር ግራር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ እኔ ገና ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ የከተመ የቆዳ ነጋዴ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልን ሥራ ብሎ ለመጥራት አፉ እሺ አይለውም። ጣልያኖቹ ቆዳውን እየመጡ ሲወስዱበትና አቤቱታ ለማጻፍ በየሳምንቱ ወረፋ ሲይዝ ግን ተመረረ። «ቢያንስ ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው በቤቴ ይኑር» ብሎ ለአለቃ ሰጠኝ።

አለቃ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። ሦስት ልማድ ነበራቸው። ሦስቱንም ዕድሜ ልኬን ልከተላቸው ሞክሬአለሁ፤ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሦስቱንም ተውኳቸው፤ ይህ ሁሉ ታሪክ የመጣው ከዚያ ነው።

አንደኛ፣ ሰው ቆሞ እንዲያስጽፍ አይፈቅዱም። ከፊታቸው የተደላደለ ድንጋይ አለ፤ ባለጉዳዩ ተቀምጦ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ብዕራቸውን ቀለም አያስነኩም። ሁለተኛ፣ ዋናውን ነገር ቀድመው አይጠይቁም። ልጄ በግፍ ታሰረ ያለውን ሰው የታሰረ ዕለት መንገዱ ጭቃ ነበር ወይ፣ ምን ተጫምቶ ነበር፣ ምሳ በልቶ ነበር ወይ ብለው ይጀምራሉ። ሰው ሊዋሽ ሲነሳ ትልቁን ነገር አሰናድቶ ይመጣል፣ ጭቃውን ግን ይረሳዋል ይሉኝ ነበር። ከነጻነት በኋላ ይህ ዘዴ ስንት ጀግና ነኝ ባይ እንዳስያዘልኝ አልነግራችሁም። አንዱ በነሐሴ ወር ወጨጫ ተራራ ላይ የጠላት መኪና አቧራ እያስነሣ ሲመጣ ከሩቅ አየሁ ብሎኝ፣ አቧራውን ሦስት ጊዜ አስደግሜ በአክብሮት ሸኝቼዋለሁ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ይህ ነው። የጻፉትን ወረቀት፣ ከመስመሩ ሥር ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ጮክ ብለው ለባለቤቱ ሳያነቡ አይሰጡም። ባለቤቱ ማንበብ ይቻል አይቻል ግድ የላቸውም። አንድ ጊዜ ዝናብ ሊጥል ሲል አንዲት ሴትዮ ግድ የለም ስጡኝ ብትላቸው፣ ወረቀቱን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ዝናቡ እስኪያባራ አብረዋት ቆመው፣ ከዚያ አንብበው ሰጧት። እኔ በሆዴ ሽማግሌው አበዙት አልኩ።

በዚያ ወቅት አለቃ ሌላም ሥራ ነበራቸው። በወር አንድ ጊዜ በሚካኤል ቀን የሚሰበሰብ የጽዋ ማኅበር ነበረን፤ ጸሐፊው እሳቸው ናቸው። ዳቦው እውነተኛ ዳቦ፣ ጠላውም እውነተኛ ጠላ ነው፤ ጸሎቱም ይደረሳል። አባላቱ ግን የውስጥ አርበኞች ነበሩ። አንዱ ከጣልያን መጋዘን ጥይት ያወጣል፣ ሌላው ወሬ ያመጣል፣ ሌላው ጫካ ገብቷል። ማኅበሩ የአባላት መዝገብ ነበረው፤ አለቃ እየነገሩኝ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጫካ የገባው «አገር ቤት ሄደ» ተብሎ ይጻፋል። ከተማ ውስጥ ለግዳጅ የተላከው «ታሞ ቀረ» ይባላል። መዝገቡ ቢያዝ ጠላት የሚያገኘው በወረርሽኝ ያለቀ ምስኪን ማኅበር ነው እያልን እንስቅ ነበር።

እውነቱ የሚቀመጠው በቃል ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አለቃ ስም እየጠሩ ያ ሰው በእርግጥ የሠራውን ይነግሩኛል፤ እኔም እንደ ዳዊት ተማሪ እየደጋገምኩ በቃሌ እይዛለሁ። የሁሉንም እንዲህ ያዝኩ። የአንዲት ሴት ስም ላይ ሲደርሱ ግን አለቃ ዘለሉት። «የአስካለን እኔው እይዛለሁ» አሉኝ። ብያዝና ብገረፍ የማላውቀውን ማውጣት እንደማልችል አስበው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የሷ ነገር በእርግጥ ሕመም ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ለምን እንደደመደምኩም ልናገር። አስካለ ባሏ ዘምቶ ያልተመለሰ፣ ጽጌ የምትባል ጨቅላ ልጅ የነበረቻት ወጣት ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት ማኅበር ላይ ትመጣ ነበር። ከዚያ ቀረች። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ ኬላው አጠገብ አየኋት። ሁለት እጆቿ እስከ ክርናቸው በቆሸሸ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላለች። ኬላ ጠባቂዎቹ ሌላውን ሰው ኪሱን እያራገፉ ሲፈትሹ እሷን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይዘው በጠመንጃ አፈሙዝ እለፊ አሏት። ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ያለበት፣ በዙሪያውም ሕሙማኑ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቴ ክንዴን ጎትቶ ወደ ማዶ አሻገረኝ። ዓይኗ ዓይኔን አግኝቶት ነበር፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አለቃ ነጻነትን አላዩም። በመጨረሻው ክረምት ሳል ጀመራቸውና በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፉ። ሊሞቱ ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ የአስካለን ነገር እንዲነግሩኝ ልጠይቃቸው አሰብኩና የሚያስቸኩል ስላልመሰለኝ ተውኩት።

ጠላት ሲወጣ መንግሥት የአርበኞችን ስም ማሰባሰብ ጀመረና እኔ የማኅበሩን መዝገብ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። መዝገቡንም እኔንም አንድ ላይ ተቀበሉን። በመጀመሪያ ጅማ ተመድቤ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ የጅማው ሹሜ ከሰነድ ይልቅ ማርና ቡና የሚያውቅ ደግ ሰው ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ተመለስኩና ሻለቃ በሚባሉ ሹም ሥር ገባሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ቢሮውም ሻለቃ ብቻ ነበር የሚላቸው። ከደንብ ውጭ ሳቅ እንኳ የማያውቁ፣ ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ነበሩ። ደንቡን የሚያውቅ ሰው ከሳቸው ጋር ይግባባል። እኔም ጠጉሬን በቅባት አስተኝቼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ደንብ አጥንቼ ከሳቸው ጋር ተግባባሁ።

የማኅበራችንን አባላት አንድ በአንድ እየጠራሁ መዝገቡ ላይ «ታሞ ቀረ» የሚለውን በቃል በያዝኩት እውነት አርሜ የምስክር ወረቀታቸውን ጻፍኩ። አናጢው አምስት ዘንባባ አገኘ፣ ሸማኔው አራት። ሰዎቹ ወረቀታቸውን ሳነብላቸው ያለቅሱ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አስካለ መጣች።

በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋ እስከ ጣቶቿ ወርዷል። ልቤ ወዲያው ወደዚያ ኬላ ተመለሰ። ድንጋይ የለንም እንጂ ለባለጉዳይ የሚሆን ወንበር ነበረን፤ ተቀመጪ አላልኳትም። ስለ ጭቃም ስለ ጫማም አልጠየቅኋትም። የአጥቢያ ሹሟ የሰጣትን መታወቂያ ደብዳቤ ስትዘረጋልኝ እጄን አልዘረጋሁም። «እዚያ አስቀምጪው» አልኳት፣ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ እያመለከትኩ። አስቀመጠችው። በሣምንቱ ስትመለስም ያዘጋጀሁላትን ወረቀት በዚያው ጫፍ ላይ ገፋሁላት። አላነበብኩላትም። እጇን አይቼው ቢሆን ኖሮ እንደ እኔ እጅ ጤናማ መሆኑን አይ ነበር። አላየሁም። አመስግና፣ ወረቀቱን ሳመችና ወጣች።

ወረቀቱ አንድ ዘንባባ ሰጥቷት እንዲህ ይል ነበር፦ «በመጀመሪያው ዓመት ካገለገለች በኋላ በሕመም ምክንያት አገልግሎቷን ያቋረጠች።» በዚያ መዝገብ ውስጥ ሕመም የሚለው ቃል አንድም ቦታ እውነት እንዳልሆነ በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሃያ ሰውን ሕመም ሐሰት ነው ብዬ ሰርዤ የእሷን ብቻ እውነት አድርጌ አተምኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት አላየኋትም። እድገት አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ኮልፌ አባቴ ቤት አጠገብ ቤት ሠራሁ። ስሟን አንድ ሁለት ጊዜ ሰፈር ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያነሳት። እኔም ከንፈሬን መጥጬ አልፌአለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት በመስታወት የተገጠመ ነገር በነጠላ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ጠጉሯ ሸብቷል። ጥቅሉን ፈታችው። ያ ወረቀት ነው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለችኝ።

የእጅ ጽሕፈቴን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም። መዝገቡ ነው የሚለው፣ እኛ የምንጽፈው መዝገቡ ያለውን ነው አልኳት። ሰው ሲጠፋው ደንብ ጀርባ ይሸሸጋል።

እሷ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። እጇን ጠቅልላ ኬላ ስታልፍ ያዩአት ጎረቤቶች ከነጻነት በኋላም አልተዋትም ነበር። ለስውር ሥራ ነው ብትል ማን ይሰማል፤ በሽታው ውስጥ ለውስጥ ነው ይላሉ። ልጇ ጽጌ ትምህርት ቤት ሦስት ቀን ውላ፣ የሌሎቹ ወላጆች ስለተንጫጩ ቀረች። እድር ቢያስገቧትም ወጥ አያስነኳትም። እሷ ግን ወረቀቷን በመስታወት አስገጥማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ማንበብ ባትችልም ማኅተሙን እያየች ትጽናናለች። ለሚያሟት ሁሉ «ያደረግሁት በመንግሥት ወረቀት ተጽፎ ግድግዳዬ ላይ አለ» ትላለች። ቤቷ የሚገባ ሰው ስላልነበረ ያነበበው የለም።

በዚያ ዓመት ለጽጌ ሽማግሌ ተላከ። የልጁ ወገኖች ከሩቅ ሰፈር ስለሆኑ ወሬውን አልሰሙም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ተመረቀ፣ አንደኛው ማንበብ የሚችል ነበርና ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ተነሥቶ ቀረበ፤ አነበበ። ከዚያ ለሁለቱ በጆሯቸው አንድ ነገር አለ። ደግመን እንመጣለን ብለው ወጡ። በሳልስቱ የላኩት ቃል፣ ዘነበወርቅ ስትመላለሺ እንደነበር አጣርተናል፣ ሕመምሽንም የመንግሥት ወረቀት ይመሰክራል የሚል ነበር።

«እኔ ራሴ ሰቅዬው አሥራ አራት ዓመት ስሜው ኖርኩ» አለችኝ። «ልጄን ያስቀራት ይሄ ነው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ነገ ተመለሺ ብያት መሆን አለበት። መዝገብ ቤት ገብቼ የማኅበሩን መዝገብ አወጣሁ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርኩም። «ታሞ ቀረ» በተባሉት ሁሉ ላይ የእኔ ቀይ መስመር አለ፤ እውነቱ በጎኑ ተጽፏል። በአስካለ ስም ላይ ብቻ መስመር የለም። በአቧራማው መዝገብ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። አለቃ ደምሴ ያን ገጽ ቢያዩት ኖሮ ድምፃቸው እስከሚጠፋ ዝቅ ይል ነበር።

በማግስቱ ስትመጣ ወንበር ስቤ «ወይዘሮ አስካለ፣ ይቀመጡ» አልኳት። አንቱታው ለገዛ ጆሮዬም እንግዳ ነበር። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅሁ። ከዚያ ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ ጨርቁ ጠየቅሁ፤ እጅዎን የሚጠቀልልልዎ ማን ነበር አልኳት።

«ቱፋ ነዋ» አለች። «ሕሙማኑ ሰፈር የሚኖረው። የመጀመሪያ ቀን በታጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ቱፋ አየኝና ይሄ ያስበላሻል፣ የታመመ ሰው ጨርቅ እንዲህ አይነጣም አለኝ። ከራሱ ቁስል ላይ የፈታውን አሰረልኝ። እሱን አስሬ ነው አራት ዓመት የሄድኩት።»

ጥይቱ ከቅርጫቱ ሥር፣ ለሕሙማን ከሚወሰደው ቆሎ በታች ይሆናል። ቱፋ ተቀብሎ ሌሊት ከሰበታ በኩል ለሚመጡት አርበኞች ያሳልፋል። የቅርጫቱን ክብደት፣ ጨርቁ በክረምት እንዴት እንደሚሸት፣ ልጇን ከመንካቷ በፊት ጅረቱ ዳር በአመድ እጇን እስኪላጥ እንዴት እንደምታጥብ ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቦ የሚዋሽ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም።

ሻለቃ ሰምተው ደንቡን አነበቡልኝ። መዝገብ የሚታረመው በሁለት ምስክር ነው፤ ምስክሮቹ ፊርማቸውን ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። መዝገቡን የጻፈ ሰው አንዱ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ግን ስሕተቱ የራሱ መሆኑን ጽፎ በግል ማኅደሩ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ስለ እድገት የሚያነሳ የለም። ጻፍኩት። ለማመልከቻ የማይሰንፍ እጄ ያን አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ክፍሉን የመምራት ተራዬ ደርሶ ነበር፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባለቤቴ ለሁለት ወር ያኮረፈችኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ ያኔም እውነቱን አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ምስክር ቱፋ ነው። በሕይወት አለ ተባልኩ። ሻለቃ ወደ ቢሮው ይምጣ እንዲሉ አልጠበቅሁም፤ የቀለሙን ሳጥንና ወረቀት ይዤ ዘነበወርቅ ሄድኩ። ከጎጆው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሸምገል ያለ፣ ፊቱ በበሽታው የተጎዳ፣ ዓይኑ ግን የሚስቅ ሰው። «አካም፣ ጌታው፣ ጠፍተህ ነው እንዴ ወደዚህ የመጣኸው?» አለኝ። ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያለ አንድ ጥያቄ ሁሉንም እንደ እሷ ተናገረ፤ የጨርቁን ነገር ስጠይቀው ግን፣ በሽታው ይይዛታል ብሎ አራት ዓመት ሙሉ ሲፈራ እንደኖረ ነገረኝ።

ቃሉን ጽፌ፣ ከመስመሩ ሥር ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩለት። ትክክል ነው አለ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ሁለት እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አወጣቸው። አንድም ጣት የላቸውም።

«ፊርማ አላውቅም፣ ጣት ደግሞ አልቋል» አለኝ። «አሁን ምን ይሻላል?»

ዋሽቼ አልጽፍም፤ ፈራሁ።  ከዚያ ያ የጠረጴዛ ጫፍ ታየኝ። ቀኝ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሞቃትና ደረቅ ነበር፣ የማንኛውም ገበሬ እጅ። መዳፉን ቀለሙ ላይ አስቀምጬ፣ አንሥቼ፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረግሁት። ቱፋ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ሻለቃ ገጹን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አሻራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ደንቡ የጣት አሻራ ነው የሚለው።»

«ጣቶቹ ቢኖሩት የጣት ይሆን ነበር» አልኳቸው። «ይህ እጅ ጥይቱን የተቀበለው እጅ ነው። ጣት ያለው ሌላ እጅ የለውም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ ሲያትም እጁን የያዘው ማን ነው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። እጄን አዩት፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ብዕራቸውን አነሡና ፈረሙ።

የጽጌን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሰምተው ከወር በኋላ ይቅርታ ይዘው ተመለሱ። ጽጌ ራሷ ወጥታ፣ ወረቀት አንብቦ የሄደ ሰው ወረቀት አንብቦ ሲመለስ አልፈልገውም ብላ ሸኘቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘነበወርቅ ሆስፒታል አካባቢ የሚሠራ አናጢ አገባች። በሠርጉ ቱፋ ከአገር ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጦ መርቋል። እኔም በልቼ ጠጥቼ ወጥቻለሁ።

ሜዳሊያውንና አዲሱን ወረቀት የወሰድኩላት ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ሽማግሌዎቹም ገና ሳይመለሱ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢሮ ጠርቶ መስጠት ይቻል ነበር፤ እኔ ቤቷ መሄድ ፈለግሁ። የእድሩን ዳኛ ለምኜ ጎረቤቶችን እንዲጠራልኝ አደረግሁ። መጡ፤ ግማሾቹ የዚያን ቤት ደፍ ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ግድግዳው ላይ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ በአራት ማዕዘን ነጥቶ ይታያል። ቆሜ አነበብኩ፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስኬድኩ። «ሕይወቷን ለአደጋ አጋልጣ፣ የሕሙማንን ጨርቅ ለብሳ፣ የጠላትን ኬላ እያለፈች አምስቱን ዓመት ሳታቋርጥ ያገለገለች» የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ጨረስኩ። አንዲት ጎረቤቷ ተነሥታ እግሯ ላይ ወደቀች። አስካለ አነሣቻት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አሮጌውን ወረቀት መውሰድ ነበረብኝ፤ ደንቡ የተሰረዘ ወረቀት ለቢሮው ይመለስ ይላል። ከመስታወቱ አወጣችው። ልቀበላት ስል ያዝ አደረገችው።

«መጀመሪያ ያንብቡልኝ» አለች። «ያኔ አላነበቡልኝም።»

ወረቀቱ እጇ ላይ እንዳለ አነበብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ካነበብኳቸው ወረቀቶች ሁሉ አጭሩ ነው፤ የከበደኝም እሱ ነው። «በሕመም ምክንያት» ስል ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም። ስጨርስ ጽጌ ፊቷን አዙራ ነበር። አስካለ ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

«ያን ቀን አንብበውልኝ ቢሆን» አለች፣ «እዚያው ይታረም ነበር።»

አዎ አልኳት።  ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፈርቼዎት ነው አልኳት። እንደፈራኋት ቀድማም ታውቅ ነበር፤ ኬላው አጠገብም አይታኛለች፣ ጠረጴዛው አጠገብም አይታኛለች። ወረቀቱን አጥፋ ወደ እኔ ዘረጋችው፤ ዘረጋችና መሐል ላይ አቆመችው።

«እዚያ ላስቀምጠው ወይስ ይቀበሉኛል?»

ብድግ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ከእጇ ተቀበልኳት።